ሦስቱ ፋኖችና የእትዬ ሙሉነሽ ሚዶ

ከድር፤ እትዬ ሙሉነሽ፤ ጋሼ ሸምሱ፤ አራተኛው እኔ።

ከድር የወሎ ልጅ ነው። የሥራ ሸሪኬ ነበር፤ ቁም ነገርንና ቀልድን በአንድ ሰሃን የሚያቀርብ ሰው። እትዬ ሙሉነሽ መርካቶ ውስጥ ከሰባተኛ ወረድ ብሎ የስልክ ቤት የነበራቸው ሴት ናቸው፤ እኛ ከእሳቸው ክፍል ግማሹን ተከራይተን እንሠራ ነበር። ጋሼ ሸምሱ ከስልጤ የመጡ ጅምላ ነጋዴ ሲሆኑ ከዱባይ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ዕቃ ያስመጡ ነበር። እኔ ደግሞ ያኔ ሃያ ዓመት ያለፈኝ፣ ኮምፒውተርን ከማንም ሳልማር እየፈታሁና እየገጠምኩ የለመድኩ፣ በዚህም ከሚገባው በላይ የምኮራ ወጣት ነበርኩ።

እነዚህን ስሞች ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ትንፋሽ የጠራኋቸው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ልጄ ሜሮን የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረች ትሠራለች። ለእሁድ ማስረከብ የነበረባት ሥራ መሃል ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሯ እየጋለ ድርግም ይልባት ጀመር። መርካቶ ወርዳ ርካሽ ከሚባሉት ሦስት ዓይነት ፋን፣ ማለትም የኮምፒውተር ማራገቢያ፣ ገዝታ መጣች፤ የማይሆነውን ልትመልስ ከሻጩ ጋር ተነጋግራለች። አንደኛው ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጭ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስነሳችውና ፊቷን ሰጠችው።

«አባዬ፣ ንፋሱን እየው! ፀጉሬን በተነው እኮ።»

«የገዛሽው ፀጉርሽን ልታቀዘቅዢበት ነው?» አልኳት።

ከንፈሯን ነከሰች። እንዲህ ስናገራት አትወድም፤ እኔም መናገሬን አልተውኩም። «ሚዶ አምጪ» አልኳት።

«ምን?»

«ሚዶ። የፀጉር ሚዶ። ጥርሱ ጠበቅ ያለውን።»

ሚዶውን ከፋኑ ፊት ገትሬ ከኋላው የናፕኪን ቅዳጅ ስይዝ፣ ያ ፀጉር የበተነ ንፋስ ወረቀቷን እንኳ አላነቃነቃትም። ሜሮን ሚዶውን አየች፤ እኔን አየች። «ይሄን ማን አስተማረህ?» አለችኝ። መጽሐፍ ነው ብዬ ልዋሻት አልፈለግሁም። ስለዚህ ከድር፣ እትዬ ሙሉነሽ፣ ጋሼ ሸምሱ፣ አራተኛው እኔ፣ ብዬ ጀመርኩ።

የእትዬ ሙሉነሽ ክፍል መሃሏ ላይ በኮምፐርሳቶ ግድግዳ ተከፍላለች። ከኮምፐርሳቶው ወዲያ የእትዬ ሙሉነሽ ሦስት ስልኮችና ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ከወዲህ የኛ ሁለት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ማተሚያ፣ በላዩ «የኮምፒውተር ጽሑፍና ስልጠና» የሚል ቀለሙ የፈሰሰ ሰሌዳ። ጣራው ቆርቆሮ ነው። በመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮው እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከጭድ ተራ በኩል የሚመጣው አቧራ ደግሞ በመስኮቱ እየገባ ሻያችን ላይ ይንሳፈፋል። ከድር ብርጭቆውን በመዳፉ ከድኖ መጠጣት ለምዶ ነበር።

ኮምፒውተሮቻችን ያረጁ ስለነበሩ ፋኖቻቸው ይጮኻሉ። ጩኸት ስል እንደ ወፍጮ ነው። ሥራ ላይ ስንሆን ለኛ አይሰማንም ነበር፤ ለሰው የራሱ ጩኸት መቼ ይሰማዋል። ከኮምፐርሳቶው ወዲያ ግን ቤሩትና ጂዳ ካሉ ልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩ እናቶች አሉ። ድምፅ አልሰማ ሲላቸው ይጮኻሉ። ሲጮኹ ደግሞ የቤት ምሥጢር በሙሉ ለአግዳሚው ወንበር ይታደላል። አንዲት እናት «አባትሽ ሌላ ሴት ይዟል አልኩሽ!» ብለው ሦስት ጊዜ ሲደግሙ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ወረፋ ጠባቂ ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። አንዳንዱ ደንበኛ «ምንም ሳልሰማ ቆጠረብኝ» እያለ ገንዘቡን ያስመልሳል።

እትዬ ሙሉነሽ አንድ ቀን መጋረጃችንን ገልጠው ገቡ። የጾም ሰሞን ስለነበር የሱፍ ፍትፍት ይዘውልን ነበር የመጡት። ሳህኑን አስቀምጠው፣

«ብሉ» አሉ። «ብሉና ስሙኝ። ይሄ ወፍጯችሁ እስከ ፋሲካ ዝም ካላለ ክፍሉን ትለቁልኛላችሁ። እኔ በስልክ ነው የምኖረው።»

ከድር አፉ እንደሞላ «እትዬ፣ ፍትፍቱ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያው ነው የጣፈጠው?» አላቸው።

«አንተ ሳቅ። እኔ ግን ቀልዴን አይደለም።»

ቀልዳቸውንም አልነበረም። በመርካቶ እንደዚያች ያለች ክፍል በዚያ ኪራይ ሁለተኛ አይገኝም። ክፍሏ ከሄደች ሥራው ይሄዳል፤ ሥራው ከሄደ ከድር ለሚረዳቸው እናቱ የሚልከው፣ እኔም እህቴን የማስተምርበት ይቀራል። ነገሩ ይህን ያህል ነበር።

እኔ ቸኩዬ የአንዱን ኮምፒውተር ፋን ነቀልኩት። ዝምታው ደስ ይል ነበር። እትዬ ሙሉነሽ ከወዲያ ማዶ «እግዜር ይስጥልኝ!» አሉ። በዚያው ሰዓት የአማኑኤል ሰፈር እድር ሽማግሌ ከአጠገባችን ተቀምጠው የእድራቸውን መተዳደሪያ ደንብ እንጽፍላቸው ነበር። ከድር «ለቀብር የዘገየ አባል የሚቀጣው…» ብሎ ሊቀጥል ሲል ስክሪኑ ጨለመ።

«መብራት ሄደ?» አሉ ሽማግሌው። አምፖሉ ግን በርቷል። ኮምፒውተሩ ግሎ ራሱን አጥፍቷል፤ ያላስቀመጥነው ጽሑፍም አብሮ ጠፍቷል። ፋኑን መልሰን ገጥመን፣ ማሽኑ እስኪበርድ ጠብቀን፣ እንደገና ስንጽፍ፣ የደከመው ፋን ሙቀቱን አልቻለውምና እዚያችው አንቀጽ ላይ ደገመው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንስተው፣

«ይሄ ማሽን የእድራችን አባል ነው እንዴ? ቅጣት ሲባል ይወድቃል» አሉና ወጡ።

እንግዲህ ችግራችን ሁለት ጎን ነበረው። ፋኑ ካለ ክፍሉን እናጣለን፤ ከሌለ ሥራውን እናጣለን። የሚያስፈልገን የሚያቀዘቅዝም፣ የማይጮኽም፣ በኪሳችን ልክ የሆነም ፋን ነው። ሦስቱ በአንድ ዕቃ ላይ መገናኘታቸውን ማንም አላረጋገጠልንም።

ጋሼ ሸምሱ ዘንድ ሄድን። ሱቃቸው ጠባብ፣ እስከ ጣራ በካርቶን የተሞላ ነው። ሦስት ዓይነት ፋን ደረደሩልን። የመጀመሪያውን ሲያስነሱት ጮኸ። «ይሄ ነው የሚሸጠው» አሉ። «ገጠሬውም ከተሜውም ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማና፣ ጉልበት አለው ብሎ ይወስዳል።» ሁለተኛው ክንፎቹ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ፣ ከሁሉም የረከሰ ነው፤ የጎረቤታቸው ዕቃ ነው፣ ለናሙና የተበደሩት። ሦስተኛው ጥቁር፣ ክንፎቹ ሰፋፊና የተደራረቡ፣ ለእጅ ከበድ የሚል።

«ይሄኛው ካርቶን ሙሉ ተቀምጦብኛል» አሉ። «ሰው ይሰካዋል፤ ድምፅ አይሰማም፤ ሞቷል ብሎ ይመልስልኛል። የማይሰማ ፋን ማን ይገዛል?»

«እኛ የምንፈልገው የማይሰማውን ነበር» አልኩ።

ጋሼ ሸምሱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። ይህን ሰው የማደንቀው ለዚህ ነው። ነጋዴ ነኝ ብለው ከማወቅ ጉጉት አልተፋቱም ነበር። «እኔ የማውቀው ዋጋውን ነው» አሉ። «ነገሩን አላውቀውም። ሦስቱንም ውሰዱና ፈትኑልኝ። የትኛው ለገንዘቡ ይበልጣል? እውነቱን ካመጣችሁልኝ ለማሽኖቻችሁ የሚሆነው ከኔ ነው።»

«ካልሆነስ ጋሼ?» አለ ከድር።

«ካልሆነ አብረን እንከስራለን።»

ፈተናውን የፈጠረው ከድር ነው። እኛ የንፋስ መለኪያ ከየት እናምጣ? እሱ ግን ልጅ ሆኖ አውድማ ላይ እህል ሲያናፍሱ አይቷል። ጥሩ ንፋስ ጭዱን ራቅ አድርጎ ይጥላል። ስለዚህ ጭድ ተራ ወረድን። አንዲት ጭድ ሻጭ አንድ እፍኝ ብቻ ስንጠይቃቸው፣

«ለምን ያህል በሬ ነው?» አሉ።

«ለበሬ አይደለም እትዬ፤ ለኮምፒውተር ነው።»

«ወይ ጉድ! እሱም ጭድ ይበላ ጀመር?» ብለው ለጎረቤታቸው ጮኹላት፤ እንዳለ ተራው ሳቀብን። ጭዱን ግን በነጻ ሰጡን።

ኮምፒውተሮቹን በአንሶላ ሸፈንን። ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርን። ለፋኖቹም ስም አወጣንላቸው፦ ጩኸታሙ ጎረምሳው፣ ስሱ ጮሌው፣ ከባዱ ጨዋው። ከድር ጭዱን ከላይ እየለቀቀ፣ እኔ የወደቀበትን እያሰመርኩ። ጎረምሳው ጭዱን እስከ በሩ ወሰደው። ጮሌው ትንሽ ብቻ ወደኋላ ቀረ። ጨዋው ግን ከሁሉም አነሰ፤ ጭዱ ከፊቱ ብዙም ሳይርቅ ዝርግፍ አለ።

የጩኸቱ ፈተና ደግሞ በእትዬ ሙሉነሽ ጆሮ ነበር። እሳቸው ከኮምፐርሳቶው ወዲያ ይቀመጣሉ፤ ፋኑ እየዞረ ከድር ከወዲህ ያንሾካሽካል፤ የሰሙትን ይደግማሉ። ጎረምሳው ሲዞር ምንም አልሰሙም። ጮሌው ሲዞር ከድር «ዛሬ ምሳ ምንድን ነው?» ብሎ ሹክ አለ።

«ሽሮ!» አሉ ከወዲያ።

ጨዋው ሲዞር ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ሙሉነሽ፣ ኪራይ ይቀንሱልን» አለ።

ከድር ጆሮውን ኮምፐርሳቶው ላይ ለጠፈ።

«አልሰሙም?» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ለዚህ ለዚህ ጆሮዬ ደንቆሮ ነው!» አሉ።

ፍርዳችንን ለመስጠት አልተቸገርንም። ጎረምሳው ይጮኻል፣ ይውጣ። ጨዋው ዝም ይላል፣ ንፋስ ግን የለውም። ጮሌው ንፋሱ ሩቅ፣ ድምፁ መለስተኛ፣ ዋጋው የሁሉም ታች። በማግሥቱ ጠዋት ለጋሼ ሸምሱ በኩራት ነገርናቸው። ጮሌውን ኮምፒውተራችን ላይ ገጥመን አድረን ነበር፤ ጠዋት በብርዱ ያለ እንከን ሠርቷል። ጋሼ ሸምሱም ለበዓል ገበያ እንዲደርስላቸው ቸኩለው፣ ጎረቤታቸው ዘንድ ሄደው የጨዋውን ካርቶን ሰጥተው የጮሌውን ካርቶን ወሰዱ፤ አንድ ለአንድ። ጎረቤታቸው በክብደት የሚያምን ሰው ስለነበር፣ ጨዋውን በእጁ መዝኖ ደስ ብሎት ተቀበለ።

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሽማግሌ ተመለሱ። ቆርቆሮው ግሏል። ጮሌው በለሆሳስ ይዞራል፤ ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ቀስ ብላ ስታወራ ይሰማል፤ እትዬ ሙሉነሽ እየመረቁን ነው። ከድር «ለቀብር የዘገየ አባል የሚቀጣው…» ሲል ስክሪኑ ጨለመ።

ሽማግሌው ቀብዱን መልሱልኝ ብለው እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። መለስንላቸው።

ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም። የመጀመሪያው ንዴት ነበር። ሁለተኛው ግን ንዴቱን የሚያስረሳ ግርምት ነበር። ፈትነነዋል፤ በዓይናችን ጭዱ ሲበር አይተናል። ታዲያ ንፋሱ የት ሄደ? የኮምፒውተሩን ሣጥን ከፍቼ፣ ፋኑ እየዞረ ሳለ እጄን በዙሪያው አደረግሁ። ፋኑ የተቀመጠው በጥርሳም አሉሚኒየም ላይ ነው፤ ሙቀቱን የሚያወጡት እነዚያ ጥርሶች ናቸው፣ ንፋሱም በመሃላቸው ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። ከታች ምንም አይሰማኝም። ንፋሱ ግን በጎን በጎን ወደ መዳፌ ይመለሳል። ጥርሶቹን ሲያይ ወደኋላ ይሸሽ ነበር።

«ከድር፣ እኛ የፈተንነው ሜዳ ላይ ነው» አልኩ። «ይሄ እኮ የሚሠራው ጠባብ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ጠባብ ከየት እናመጣለን?»

በዚህ ጊዜ እትዬ ሙሉነሽ ጩኸታችንን ሰምተው መጋረጃውን ገለጡ። ገና ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ ነበር፤ ጥርሱ የጠበቀ የእንጨት ሚዶ ጎፈሬያቸው ላይ ሰክተዋል። እኔ ሚዶውን አየሁ፤ አሉሚኒየሙን አየሁ። አንድ ናቸው።

«እትዬ፣ ሚዶዎትን።»

«ምን ልታደርግበት?»

«ለአፍታ ብቻ።»

ሚዶውን ጮሌው ፊት ገተርኩት፤ ከድር ጭድ ለቀቀ። ጭዱ ሚዶው ሥር ቁልቁል ወደቀ። ጎረምሳውን ሞከርን፤ ጮኸ፣ ትንሽ አሳለፈ። ጨዋውን ሞከርን። በሜዳው ፈተና የመጨረሻ የወጣው ጨዋው፣ ያው ንፋሱ ነው፣ አልጨመረም፤ ግን ሚዶው እንደሌለ አድርጎ አለፈ። ጭዱ ከጥርሶቹ ኋላ ተነስቶ እትዬ ሙሉነሽ ቀሚስ ላይ አረፈ።

እትዬ ሙሉነሽ ራሳቸው ጎንበስ ብለው፣ «እስቲ ያንን ጮሌ የምትሉትን ድገሙልኝ» አሉ። ደገምን። «እስቲ ይሄኛውን።» ደገምን። ስልክ ሊደውል የመጣ ሰው ወረፋውን ትቶ መጋረጃው ሥር ቆሞ ያያል። በመሃል የከድር እጅ ሸርተት አለና የሚዶው ጥርስ ክንፉ ውስጥ ገባ፤ ቀጭ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እትዬ ሙሉነሽ ያዩትን ለማመን ስለተጠመዱ እንኳ አልተቆጡም።

ለጋሼ ሸምሱ የነገርናቸው በዚያው ቀን፣ ሱቅ ሳይዘጉ ነው። ከድር «ነገ ይሻላል፣ ሰው ማታ ይደክመዋል» ብሎ ነበር። እኔ ግን ክፉ ወሬ ሲያድር ወለድ ይወልዳል ብዬ ጎተትኩት። ሰምተውን ሲያበቁ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፤ «አሳዩኝ» አሉ። የተሰበረውን ሚዶ ይዘን ስለነበር አሳየናቸው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጎረቤታቸው ገቡ። ሲመለሱ ያንኑ የራሳቸውን ካርቶን ተሸክመዋል፤ ጎረቤትየው የሆነ ነገር እንዳለ ሸትቶት ሁለት መቶ ብር ተጨማሪ አስከፍሏቸዋል።

«የራሴን ሚስት ፈትቼ፣ በጥሎሽ መልሼ አገባኋት» አሉ። እኛ አልሳቅንም። እሳቸው ናቸው ቀድመው የሳቁት።

ጨዋው ከገባ በኋላ የእድሩ ደንብ፣ ያቺ የቅጣት አንቀጽም፣ በቆርቆሮው ግለት መሃል ተጽፎ አለቀ፤ ሽማግሌውን አማኑኤል ድረስ ሄደን ለምነን ነው የመለስናቸው፣ በነጻም ነው የጻፍንላቸው። ፋሲካ ደረሰ፤ ክፍሉን አልለቀቅንም። እትዬ ሙሉነሽ የዶሮውን ወጥ ለእኔ፣ ለከድር ደግሞ እሱ የሚበላውን ለይተው፣ በመጋረጃው ሥር አሳለፉልን። ጋሼ ሸምሱም የሱቃቸው መደርደሪያ ላይ በገመድ ሚዶ አንጠለጠሉ። ገዢ መጥቶ «ይሄ አይሰማም፤ ሞቷል» ሲላቸው፣ ሚዶውን ፋኑ ፊት ይዘው «እጅህን ከወዲያ አድርግ» ይሉት ነበር። የጨዋው ካርቶን ለቅዳሜ ገበያ ሳይደርስ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ሰውንም ዕቃንም በዚህ ነው የምመዝነው። ባዶ አየር ላይ ሁሉም ይነፍሳል። የሚሻለው የሚታወቀው ጥርስ ፊት ሲቆም ነው። ይህን ለልጆቼ በየማዕዱ ተናግሬ አሰልችቻቸዋለሁ። ሜሮን አንድ ጊዜ፣ ገና ተማሪ ሳለች፣ «አንተስ አባዬ፣ ሚዶ ፊት ስትቆም ታልፋለህ ወይስ ወደኋላ ትመለሳለህ?» ብላኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ጎረምሳው ጮኼ ትንሽ የማሳልፍ ይመስለኛል። ይህ ቪዲዮ ማቀናበር ሥራ አይደለም ብዬ ስንት ዓመት እንደጮህኩባት እሷ ታውቃለች። እሷ ግን ድምፅ ሳታሰማ ሥራዋን ሠርታ ዛሬ የቤቱን ግማሽ ወጪ ትሸፍናለች።

ቅዳሜ ዕለት ሦስቱንም በሚዶው ፈተነች። ባለመብራቱ ወደቀ። ያለፈው ጥቁሩ፣ መብራት የሌለው፣ ሳጥኑ ላይ እንኳ ፎቶ ያልተለጠፈበት ነው። ገጠመችው፤ ቪዲዮው ሳይቋረጥ እያለቀ እኛ አጠገቡ ቁጭ ብለን ስናወራ ማሽኑ መሥራቱን እንኳ አልሰማነውም። ሁለቱን ለመመለስ በወረቀት እየጠቀለለች፣

«ይሄን ለማወቅ ግን ስንት ወጣባችሁ?» አለችኝ።

ጋሼ ሸምሱ ያኔ አብረን እንከስራለን ያሉትን አልረሱም ነበር፤ እኛም አልረሳንም። ከበዓሉ በኋላ እትዬ ሙሉነሽ ዘንድ ተሰብስበን ቆጠርነው። ጎረቤትየው የወሰደው ሁለት መቶ፤ የእድሩ ሥራ ስልሳ አራት፤ እትዬ ሙሉነሽ ላልሰሙ ደንበኞች የመለሱት አርባ አምስት ከሃምሳ፤ አዲስ ሚዶ አራት ከሃምሳ። ጋሼ ሸምሱ ለአራት አካፈሉት፤ ማንም አልተከራከረም፣ ከድር እንኳ አልቀለደም።

«ሦስት መቶ አሥራ አራት ብር» አልኳት። «ለእያንዳንዳችን ሰባ ስምንት ከሃምሳ።»